የጠርሙሱ ጽሑፍ ማንን ያናግራል?

ይህ ጽሑፍ በድሬዳዋ ለባለሱቆች፣ ለወላጆችና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር ተስተካክሎ የቀረበ ነው።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ከፊታችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩት ዕቃዎች በሙሉ በዚህ ሳምንት ከድሬዳዋ ገበያ የተገዙ ናቸው። ከቀፊራ ገበያ የመጣ አለ፣ ታይዋን ከሚባለው ገበያችን የመጣ አለ፣ ሳቢያን ከቤቴ ፊት ለፊት ካለው ኪዮስክ የተገዛም አለ። በረኪና፣ የሽንት ቤት ማጽጃ፣ የመስታወት ማጽጃ፣ የተደፈነ ቱቦ መክፈቻ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ የበረሮና የትንኝ መርጫ ናቸው። በስተመጨረሻ የቆመው ግን ተራ የሃይላንድ ዕቃ ነው። የውሃው ስም የተጻፈበት ወረቀት አልተላጠም፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽም ጥርት ያለ ነው። ክዳኑን በፕላስተር የጠቀለልኩት ከመካከላችሁ የጠማው ሰው አንስቶ እንዳይጎነጨው ፈርቼ ነው። በረኪና ነው።

የዚህን ዕቃ ታሪክ ስለማውቀው ከእርሱ ልጀምር። ከሃያ ዓመት በላይ ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ አሲድና ቤዝ፣ ስለ ላቦራቶሪ ጥንቃቄ፣ ያልተጻፈበትን ጠርሙስ ስላለመንካት ለስንቱ ተማሪ ተናግሬአለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በረኪና ገዝቼ ማንሳቱ ሲከብደኝ፣ ለየዕለቱ ሥራ እንዲመቸኝ ብዬ ጥቂቱን በሃይላንድ ቀዳሁና መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ወሩ ሰኔ ነበር፤ የድሬዳዋን ሰኔ ለእናንተ አልተርክም። የስድስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ በቀትር ሲሯሯጥ ቆይቶ ገባና ያገኘውን አንስቶ ጎነጨ። ሽታው ስለገፋው አብዛኛውን ተፋው፤ አፉን አጉመጥምጠን ወደ ጤና ጣቢያ ይዘነው ሮጥን፤ ከጉሮሮ መቆጣት የከፋ ነገር ሳይደርስበት ፈጣሪ አወጣው። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ የነርሷ ጥያቄ ነው። «ስንት ፐርሰንት ነው?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። ቤት ተመልሼ ጀሪካኑን አገላብጬ ሳየው የአበባ ሥዕልና «እንከን የለሽ ንጽሕና» የሚል ቃል አገኘሁ፤ መጠኑን የሚናገር ቁጥር ግን አልነበረውም።

በዚያ ቤት ውስጥ ያ በረኪና የሚመለከተን ሦስት ሰዎች ነበርን። የገዛሁት እኔ ነኝ። በየማለዳው ወለሉን የምታጸዳበት ከገጠር መጥታ በማታ ትምህርት ፊደል መቁጠር የጀመረች ሠራተኛችን ነበረች። የጠጣው ሕፃኑ ነው። የጀሪካኑ ጽሑፍ ያናገረው ግን ከሦስታችን አንዷን፣ ገዢዋን እኔን ብቻ ነው፤ እርሷንም ቢሆን ገንዘቧን እስክትከፍል ድረስ ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁትም ይህንኑ ነው፤ በቤት ማጽጃ ላይ የሚሰፍረው የጥንቃቄ ጽሑፍ መጻፍ ያለበት ዕቃውን ላልገዛው ሰው ነው።

ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ብታነሡ የፊታቸው ገጽ ለዓይን የተሠራ መሆኑን ታያላችሁ፤ የሚያብለጨልጭ ወለል፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ጽጌረዳ፣ የተቆረጠ ሎሚ። የጀርባው ገጽ ደግሞ ለደንቡ ያህል የተሞላ ነው፤ ፊደሉ ያነሰ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ አንዳንዱም ብር በመሰለ ወረቀት ላይ የታተመ በመሆኑ ብርሃን ሲያርፍበት ጭራሽ የማይነበብ ነው። በተለይ ያ የተቆረጠ ሎሚ ያሳስበኛል። የተሣለው ሽታውን ለማስተዋወቅ ቢሆንም በረኪና ላይ ሲታይ ለልጅ የሚጠጣ ነገር ይመስለዋል፤ ለትልቅ ሰው ደግሞ በረኪናና ሎሚ የሚስማሙ ይመስለዋል። እውነተኛው ሎሚ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን ጥቂት ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

የዕቃው ስም ራሱ በከተማችን አንድ አይደለም። በረኪና የምንለው ቃል ከጣሊያንኛው ቫሬኪና የመጣ ነው። በጅቡቲ በኩል በሚገባው ዕቃ ላይ «ጃቬል» የሚል ታገኛላችሁ፤ ፈረንሳዮች በፓሪስ ዳርቻ በነበረችው በጃቬል መንደር ስም የሰየሙት ነው። ከዐረብ አገር ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን «ክሎሮክስ» ሲሉት ሰምቻለሁ። ሁሉም በውሃ የተበጠበጠ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ልጇን ታቅፋ የምትሮጥ እናት ግን በቤቷ ያለው «ጃቬል» ጎረቤቷ የምትነግራት በረኪና መሆኑን የምታውቅበት መንገድ የላትም። የንግድ ስሙ ያሻውን ያህል ይመር፤ ከሥሩ ግን አገር የሚያውቀው ስም፣ «በረኪና»፣ «የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ» ተብሎ በጉልህ መጻፍ አለበት።

ስለ ሥዕላዊ ምልክቶች የምለው ከተስፋም ከጥርጣሬም የተቀላቀለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ዴ ጄኔሮ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ አገሮች ለአደገኛ ኬሚካሎች አንድ ዓይነት የአመዳደብና የምልክት ሥርዓት እንዲኖር ተስማሙ፤ ሥርዓቱም እ.ኤ.አ. በ2003 ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ ወጣ። ቀይ ጠርዝ ያላቸው፣ በአንድ ማዕዘናቸው የቆሙ ዘጠኝ ሥዕሎች አሉት፤ ነበልባል፣ የራስ ቅልና አጥንት፣ የቃለ አጋኖ ምልክት፣ የደረቀ ዛፍና የሞተ ዓሣ እያለ ይቀጥላል። ከመካከላቸው ለቤት ማጽጃ እጅግ የሚያስፈልገን የሚያቃጥሉ ፈሳሾችን የሚያመለክተው ነው፤ ከሁለት ቱቦዎች የሚንጠባጠብ ፈሳሽ አንዱ ብረት፣ ሌላው የሰው እጅ ሲበላ ያሳያል። ይህን ሥዕል ምንም ሳልናገር ለአንድ ክፍል ተማሪዎች አሳይቼ ምን እንደሚል ብጠይቃቸው አንዱ ልጅ «እጅህን ስትታጠብ ይህን አፍስስበት ማለት ነው» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ሥዕሉን ያለ ማብራሪያ ለሚያይ ሰው የልጁ ንባብ ስሕተት አይደለም። ምልክት ቋንቋ ነው፤ ቋንቋ ደግሞ ካልተማሩት አይገባም። ስለዚህ ሥዕሉ ይኑር፣ ግን ከአጠገቡ «ሥጋ ያቃጥላል» የሚል ሁለት ቃል ይጻፍ፤ ትምህርት ቤቶቻችንም የትራፊክ ምልክት እንደሚያስተምሩ ሁሉ እነዚህን ዘጠኝ ሥዕሎች ያስተምሩ። አንድ ሳምንት የማይፈጅ ሥራ ነው።

ትንንሽ ልጆችን በሥዕል ማራቅ ይቻላል የሚለውን ሐሳብ ግን ብዙ አላምነውም። በአሜሪካ የፒትስበርግ ከተማ ሐኪሞች ይህን አስበውበት ነበር። የራስ ቅሉ ሥዕል የከተማው የቤዝቦል ቡድን ከሚታወቅበት የባሕር ወንበዴ ዓርማ ጋር ስለሚመሳሰል ልጆችን ይስባቸዋል እንጂ አያስፈራቸውም በሚል፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ምላሱን አውጥቶ ፊቱን የሚያጨማድድ አረንጓዴ መልክ አወጡ፤ «ሚስተር ዩክ» ይባላል። ሐሳቡ ድንቅ ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ተለጣፊው ለአደጋው ዋነኛ ተጋላጭ የሆኑትን ከሁለትና ከሦስት ዓመት ያልዘለሉትን ሕፃናት እንደማያርቅ አሳዩ። እነርሱን የሚይዛቸው ክዳን ነው። እዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣው ሕግ መሠረት የሚፈተን ክዳን ከ42 እስከ 51 ወር ዕድሜ ላላቸው ልጆች ተሰጥቶ ከመቶው ቢያንስ ሰማንያዎቹ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሊከፍቱት የማይችሉት መሆን አለበት። ሃያው ሊከፍቱት ይችላሉ ማለት ነውና ምርጥ የተባለው ክዳን እንኳ ከመደርደሪያ ከፍታ ጋር ካልተደገፈ አይበቃም። እንግዲህ ስለ ልጆች በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ቃል የሚያናግረው ትልቁን ሰው ነው፤ «ከሕፃናት ያርቁ» ከሚል ሐረግ ይልቅ «ቆልፈው ወይም ከራስዎ ቁመት በላይ ያስቀምጡ» ቢል እጅ የት መድረስ እንዳለበት ይነግራል።

አሁን ወደ ቃላቱ ልምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ የምቆረቆረው በእርሱ ነው። በጠርሙሶቻችን ላይ ያለው አማርኛ አብዛኛው ከሌላ ቋንቋ ቃል በቃል የተገለበጠ ስለሆነ ሰዋስው ቢኖረውም ሰሚ የለውም። «ለውስጥ አገልግሎት የማይውል» የሚለውን ውሰዱ። የየትኛው ውስጥ? የቤት ውስጥ? የመኪና ውስጥ? «አይጠጣም» የሚል አንድ ቃል እያለን ለምን ሦስት ቃል እናባክናለን? «በቂ አየር ባለበት ስፍራ ይጠቀሙ» ይላል የትንኝ መርጫው፤ በቂ ማለት ምን ያህል ነው? በትንኝ የሚተላለፈው የቺኩንጉንያ በሽታ ከተማችንን ባስጨነቀበት በ2011 ዓ.ም. ክረምት በርና መስኮት ዘግተው፣ ልጅ አስተኝተው ሲረጩ ያየኋቸው ጎረቤቶቼ ይህን ጽሑፍ አንብበውት ነበር። «ሰውና ምግብ አስወጥተው ይርጩ፤ በርና መስኮት ከፍተው ካናፈሱ በኋላ ይግቡ» ቢባሉ ኖሮ ያደርጉት ነበር።

«ሐኪም ያማክሩ» የሚለው ደግሞ አለ። በአማርኛችን ማማከር የእርጋታ ቃል ነው፤ ሰው ጋብቻ ሲያስብ፣ ቤት ሲሸጥ ያማክራል። ልጁ የቱቦ መክፈቻ የጠጣበት አባት የሚያማክርበት ጊዜ የለውም። የቱቦ መክፈቻ ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ከሆነ ጉሮሮን የሚበላው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ሊነገረው የሚገባው «ይህን ዕቃ ይዘው ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» የሚል ነው። ዕቃውን ይዘው የሚለው ቃል አይዘለል፤ ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው በዕቃው ላይ ነውና፣ እኔም በባዶ እጄ ሄጄ አይቼዋለሁ።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የቆየ ልማድ አለን። መርዝ ጠጣ በተባለ ሰው ጉሮሮ ጣት እንሰዳለን፣ የጨው ውሃ እናጠጣለን፣ ወተት እንግታለን። የሚያቃጥል ፈሳሽ ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ሁለተኛ ያቃጥለዋል። ነጭ ጋዝ ሲሆን ደግሞ በሚያስመልስበት ጊዜ ወደ ሳንባ ገብቶ ከጨጓራው ይልቅ ሳንባውን ይጎዳዋል። «እንዲያስመልስ አያድርጉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ልማዳችንን ፊት ለፊት የሚቃወም ስለሆነ በትንሽ ፊደል ተደብቆ ሊሠራ አይችልም። ለዓይንም እንዲሁ ነው። «በሚፈስ ውሃ ለረጅም ጊዜ ይታጠቡ» ይላል፤ ቧንቧችን በሳምንት ስንት ቀን እንደሚፈስ እናንተ ታውቃላችሁ። በጀሪካን ውሃ ለሚኖር ቤት «ዓይኑን ከፍተው ከጆግ እያንቆረቆሩ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ» ማለት ይገባል። ረጅም ጊዜ ለሚቃጠል ሰው ሠላሳ ሴኮንድ ነው፤ 15 ደቂቃ ግን በስልኩ ሰዓት የሚቆጠር ነገር ነው።

ከሁሉም የባሰው «ከአሲድ ጋር አይቀላቅሉ» የሚለው ነው። በአማርኛ አሲድ ሲባል ለብዙ ሰው የሚመጣለት የመኪና ባትሪ ነው። አንዲት የቤት እመቤት ይህን አንብባ «እኔ ቤት አሲድ የለም» ብላ በሰላም ልትቀጥል ትችላለች፤ አሲዱ ግን ከበረኪናው አጠገብ ተቀምጧል። ብዙ የሽንት ቤት ማጽጃ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለበት። አቼቶ አሲድ ነው። ሎሚ አሲድ ነው። ጠንከር ይበል ብላ በረኪናውንና የሽንት ቤት ማጽጃውን በአንድ ላይ ስታፈስስ ሃይፖክሎራይቱ ከአሲዱ ጋር ተዋህዶ ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1915 በቤልጂየም በኢፕር አካባቢ ጀርመኖች ለጦር የለቀቁት ያው ጋዝ ነው። ክሎሪን ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለሉ ላይ ይተኛል። ሽንት ቤት የሚታጠበው ደግሞ ጎንበስ ተብሎ፣ ብዙ ጊዜም በሩ ገርበብ ብሎ፣ ከአንድ ሰው በላይ በማያስቆም ክፍል ውስጥ ነው። ሳል፣ የዓይን ማቃጠልና የደረት መጥበብ ሲጀምራት የምታጸዳበት ነገር «እየሠራ» መስሎአት የምትቀጥልም አለች። ማድረግ ያለባት ሁሉን ትታ ወደ ውጭ መውጣት ነው።

በረኪና በአሞንያም ላይ ይህን የመሰለ ነገር ያደርጋል፤ ክሎራሚን የሚባል የሚያፍን ጋዝ ይወጣል። አሞንያ በአንዳንድ የመስታወት ማጽጃ ውስጥ አለ፤ ሽንት በቆየበት ስፍራም አለ፤ ስለዚህ ያልታጠበ ሽንት ቤት ላይ ያልተበረዘ በረኪና ከማፍሰስ በፊት በውሃ ማጠብ ይገባል። ይህን ሁሉ ግን በአንድ ጠርሙስ ላይ መዘርዘር አይቻልም፤ አያስፈልግምም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እዚህ ላይ ብልህ መንገድ መርጧል። ከ1 በመቶ በላይ ንቁ ክሎሪን ኖሮት ለሕዝብ በሚሸጥ ማጽጃ ላይ ከሌሎች ምርቶች ጋር አብሮ እንዳይሠራበት፣ አደገኛ ጋዝ ሊለቅ እንደሚችል የሚናገር ቋሚ ዐረፍተ ነገር እንዲጻፍ ያስገድዳል። «ከአሲድ» አይልም፤ «ከሌሎች ምርቶች» ነው የሚለው። አንባቢው ኬሚስትሪ ማወቅ አይጠበቅበትም። እኔ የምጨምርበት ቢኖር በእኛ ቤት የሚገኙትን ሦስት አራት ነገሮች በስማቸው መጥራት ብቻ ነው።

ወደ ሃይላንዱ ልመለስ። በረኪና በሙቀትና በብርሃን የሚበላሽ ነገር ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሚበላሽበት ፍጥነት ከእጥፍ በላይ ያድጋል። ፋብሪካው በማያሳይ ጥቅጥቅ ባለ ዕቃ የሚያሽገው ለዚህ ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ በወፍራሙ የድንጋይ ግንብ ጥላ ሥር የተቀመጠ በረኪናና እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ 35 ዲግሪ ሲቀቀል የከረመ በረኪና ወረቀታቸው አንድ ቢሆንም ጉልበታቸው አንድ አይደለም። ሲበላሽ ኦክሲጅን ስለሚለቅ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ዕቃ ይነፋል፤ ሲከፍቱትም ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል። በሃይላንድ የቀዳ ሰው እንግዲህ ብርሃን አስገብቶበታል፣ የማይተነፍስ ክዳን ከድኖበታል፣ የጥንቃቄ ጽሑፉን ጀሪካኑ ላይ ጥሎታል፣ በዚያም ላይ «ውሃ» የሚል ጽሑፍ አልብሶታል። ድሬዳዋ ውስጥ የሃይላንድ ዕቃ ያገኘ የጠማው ሰው አይጠይቅም።

ታዲያ አትቅዱ ማለት ብቻ ይበቃል? አይበቃም። ባለ 5 ሊትሩ ይረክሳል፣ ትንሿ ጠርሙስ ትወደዳለች፤ ሰው የሚቀዳው ከድንቁርና ሳይሆን ከኪሱ ነው። ከጀሪካን እየቀዱ በብርጭቆ የሚሸጡ ባለሱቆችም እዚህ ተቀምጣችኋል፤ ልወቅሳችሁ አልመጣሁም። የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አምራቹና አስመጪው በእያንዳንዱ ትልቅ ጀሪካን አንገት ላይ አራት አምስት ተለጣፊ ወረቀት አብረው ይስቀሉ፤ የሚቀዳ ሰው አንዱን ልጦ ወደሚቀዳበት ዕቃ ያሻግራል፤ ወረቀቱ ፈሳሹን ይከተላል። ሁለተኛ፣ እናንተ ለሃይላንድና ለለስላሳ ጠርሙስ አትሽጡ፤ ባዶ የበረኪና ዕቃ ይዞ ለመጣ ሰው ቅዱለት። የአውሮፓው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲሻሻል ስለ ፊደል መጠንና ከትልቅ ዕቃ እየተቀዳ ስለሚሸጥ ምርት ድንጋጌ ተጨምሮበታል። መቅዳት የድሃ አገር ነውር ብቻ ቢሆን ኖሮ እነርሱ ሕግ አያወጡለትም ነበር።

ስለ ቁጥሮች በአጭሩ ልናገር። ፐርሰንቱ ካልተጻፈ መበረዝ ግምት ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ለወለልና ለበር እጀታ 0.1 በመቶ ሃይፖክሎራይት ያለው ብጥብጥ ሥሩ ተባለ። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ 1 እጅ በረኪና ለ49 እጅ ውሃ ነው፤ 10 ሊትር በሚሞላ ባልዲ ውስጥ 200 ሚሊ ሊትር ይገባል። 2.5 በመቶ ከሆነ እጥፉ ያስፈልጋል። ሚሊ ሊትር መለኪያ በየቤቱ ስለሌለ መጠኑ በክዳን ይነገር፤ ክዳኑ ስንት እንደሚይዝም ክዳኑ ላይ ይታተም። የቡና ሲኒ መለኪያ እንዳይሆን ግን እለምናችኋለሁ፤ ሲኒው ወደ ረከቦቱ ይመለሳል። ቀኑም እንዲሁ ነው። «05/2017» የሚል ማኅተም ያየ ሰው የኛን ዘመን ይሁን የፈረንጁን በምን ይለያል? በመካከሉ ሰባት ስምንት ዓመት አለ። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጨመር ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ነው።

አንድ የመጋላ ባለሱቅ ከውጭ የመጣ ጠርሙስ አሳይቶኝ «አቦ፣ ይሄ ለማን ነው የተጻፈው?» ብሎኛል። የርዕሴ ባለቤት እርሱ ነው። በጠርሙሱ ላይ አምስት ቋንቋ ነበር፤ በሰፈሩ የሚነገር ግን አንድም አልነበረበትም። በአንድ የድሬዳዋ ግቢ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይሰማል፤ ሐረር ስትወጡ ሐረሪ ይጨመራል። ሁሉንም ጽሑፍ በሁሉም ቋንቋ እንጻፍ የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ፍትሕ ፍለጋቸውን ባከብርም አልስማማም። እንዲያ ሲደረግ ፊደሉ ከሰናፍጭ ያንስና ማንም ምንም አያነብም። የእኔ ሐሳብ ሙሉው መመሪያ በአንድ የሥራ ቋንቋ ሆኖ «አይጠጣም» እና «ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ» የሚሉት ሁለት ትእዛዞች ብቻ በሦስቱም ቋንቋ፣ ከፊት ገጽ፣ ከሎሚው ሥዕል በሚበልጥ ፊደል ይጻፉ የሚል ነው።

እንግዲህ መተቸት ብቻ እንዳይሆን የበረኪና ጠርሙስ ላይ ቢጻፍ የምወደውን ላንብብላችሁ፤ ከሃምሳ ቃል አያልፍም። «አደገኛ። በረኪና፣ 5 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት። አይጠጣም፤ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ከሽንት ቤት ማጽጃ፣ ከአቼቶ፣ ከሎሚ፣ ከማንኛውም ሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ፤ የሚያፍን ጋዝ ይወጣል። በውሃ ወይም በለስላሳ ዕቃ አይቅዱ። ዓይን ከገባ፦ ዓይኑን ከፍተው ለ15 ደቂቃ ንጹሕ ውሃ ያንቆርቁሩበት። ከተጠጣ፦ አፍ ያጉመጥምጡ፤ እንዲያስመልስ አያድርጉ፤ ይህን ዕቃ ይዘው ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።» «ማስጠንቀቂያ» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ከሲጋራ ፓኮ እስከ መብራት ምሰሶ ድረስ ስለተለጠፈ ዓይናችን ለምዶት ያልፈዋል። ዓለም አቀፉ ሥርዓት ለከባዱ አደጋ አንድ ቃል፣ ለቀለል ያለው ሌላ ቃል አለው፤ እኛም «አደገኛ» እና «ይጠንቀቁ» ብለን ብንለያቸውና በየፋብሪካው ባንቀያይራቸው መልካም ነው።

ሕጉን በተመለከተ ባዶ እጃችንን አይደለንም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። «በቂ» የሚለው ቃል እዚህም አለ። ለበረኪና በቂ የሚባለው ምን እንደሆነ በደረጃ ተዘርዝሮ መውጣት አለበት፤ ፐርሰንቱ፣ የፊደሉ ቁመት፣ የምልክቱ ስፋት። አውሮፓውያኑ አንድ ምልክት ከ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ወስነዋል፤ ማየት ለተሳናቸው ደግሞ በአደገኛ ምርቶች ላይ በጣት የሚዳሰስ ባለ ሦስት ማዕዘን ጎላ ያለ ምልክት እንዲኖር ያዛሉ። ይህ የመጨረሻው እጅግ ርካሽ ነገር ነው፤ ጠርሙሱ ከሚፈስበት ቅርጽ ጋር አብሮ ይወጣል፤ መብራት በጠፋ ማታ ለሁላችንም ይሠራል።

ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሥራ አለኝ። እያንዳንዳችሁ ከጠረጴዛው አንድ ጠርሙስ አንሡና አጠገባችሁ ላለ ሰው ስጡት፤ ወላጆች ለተማሪዎች ብትሰጡ እመርጣለሁ። የተቀበለው ሰው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ነገር ይፈልግ፤ ይህ ምንድን ነው፣ ከምን ጋር አይቀላቀልም፣ ዓይን ውስጥ ቢገባ ምን ይደረጋል። ያገኘውን በየትኛው ቋንቋ እንዳገኘውና ያጣውን በበሩ አጠገብ ባለው ወረቀት ላይ ይጻፍልኝ። ወረቀቱን ሰብስቤ ስማቸው በጠርሙሶቹ ላይ ለሰፈረው አምራቾችና አስመጪዎች ከነጠርሙሱ እልክላቸዋለሁ። ሃይላንዱን ግን አትንኩት፤ እርሱን እኔ ይዤው እሄዳለሁ።